ትልቅ ሞተር በትንሽ መኪና፤ ዋጋውና ጣጣው

በሐይቅ ዳር ማታ ማታ የሚንሸራሸር ተማሪ ባጃጆቹን ካሳለፈ በኋላ ዘወትር ከሚያጋጥሙት መኪኖች አንዷ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ይህች ኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና አስተማሪውንም፣ ነጋዴውንም፣ በኮንትራት ሠርቶ የሚያድረውንም ታገለግላለች። ከመካከላችን ወንድሙ ወይም አጎቱ በእንዲህ ያለች መኪና የሚተዳደር ጥቂት አይደለም። በዚህም ምክንያት «ይህን ትንሽ ሞተር አውጥተን ትልቅ ብንገጥምባትስ?» የሚለው ጥያቄ በመኝታ ቤታችንም በጋራዡም ደጃፍ ይሰማል።

ጥያቄው የጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳይታሰብበት የተጀመረ እንደሆነ የአንድን ቤተሰብ እቁብ በልቶ መኪናይቱን በጋራዥ ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ሊቀር ይችላል። ከዚያም የባሰ፣ የመሮጥ ጉልበቷ ጨምሮ የመቆም ጉልበቷ ያልጨመረ መኪና በሰው ሕይወት ላይ ይመጣል። ስለሆነም ጉዳዩን በሦስት ከፍለን እናያለን፤ ይኸውም መኪናይቱ ለምን ትደክማለች፣ ሞተሩ ሲለወጥ ምን ምን አብሮ ይለወጣል፣ ሒሳቡስ እንዴት ይያዛል የሚል ነው።

ትንሹ ሞተር ለምን በዛ?

በመጀመሪያ ትንሹ ሞተር በአገራችን የተስፋፋበትን አንዱን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የኤክሳይዝ ታክስ ሕጋችን መኪናን የሚመዝነው በሞተሩ መጠን ነው። በአዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ ያለው መኪና 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ያለው 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ የሚበልጠው ደግሞ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ለአዲስ ትንሽ መኪና 30ውን ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ያገለገሉ አሮጌ መኪኖችን ግን በጣም ከባድ ታክስ ጣለባቸው። የ1,300 ሲሲ ድንበር ግን በሁለቱም አዋጆች አለ። የቪትዝ መካከለኛ ሞተር 1,298 ሲሲ ሆኖ ከድንበሩ በታች ሲያርፍ፣ ትልቁ 1,496 ሲሲ ስለሆነ ድንበሩን ተሻግሮ ይወድቃል። ገዢው ወደ ትንሹ ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ፣ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ እንዲሆኑ መወሰኑን አስታወቀ። እንዲህ ከሆነ ያለችውን መኪና ጠግኖና አሻሽሎ የመያዝ ሐሳብ ከቀድሞው ይልቅ ቢበረታ አያስገርምም።

የከፍታው ድርሻ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነውና አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ 21 በመቶ ገደማ። የአንድ ሺህ ሲሲዋ ቪትዝ በፋብሪካ ወረቀት 70 የፈረስ ጉልበት አላት። ሐዋሳ ስትደርስ የሚቀራት 59 ያህል ነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነችው ወደ ሀገረ ሰላም ስትወጣ ደግሞ 53 ገደማ። እንግዲህ ሾፌሩ «መኪናዬ ደከመች» ሲል ሁልጊዜ ተሳስቷል አንልም፤ ከ10 ፈረስ በላይ መንገድ ላይ ቀርቶበታልና።

ይሁን እንጂ የቀረው ጉልበት ለዳገት አይበቃም ወይ? ይህን ለማወቅ ማንኛችንም በደብተር ላይ ልንሠራው የምንችል ሒሳብ አለ። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ቪትዝ ራሷ ወደ 850 ኪሎ ትመዝናለች። አምስት ሰውና ሻንጣ 400 ኪሎ ቢሆን ጠቅላላው 1,250 ኪሎ ይሆናል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ በሴኮንድ 16.7 ሜትር ተጉዛ ልክ አንድ ሜትር ከፍ ትላለች። 1,250 ለ75 ሲካፈል 17 ፈረስ አይሞላም። ነፋሱ የሚቃወመውን፣ ጎማው የሚበላውንና ካምቢዮው የሚያባክነውን ብንጨምርበት 25 ፈረስ ይበቃል። ያሉን 59 ናቸው።

ታዲያ መኪናይቱ ለምን ታቃስታለች? መልሱ በዙሩ ላይ ነው። 70ው ፈረስ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ነው። በ2,500 ዙር ግን ግማሹ እንኳ አይሞላም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በአራተኛ ማርሽ ዳገት የሚወጣ ሾፌር ከ59ኙ ፈረስ ወደ 26 ያህሉን ብቻ ጠምዶ ይጎትታል። ማርሹን ዝቅ ቢያደርግና ሞተሩ ቢጮህ ግን ፈረሶቹ ይመጣሉ። ትንሽ ሞተር በዙር እንዲሠራ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ጩኸቱ አይጎዳውም።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በዚያው ዳገት ላይ እንውጣ ካልን ሒሳቡ ይለወጣል። ዳገቱ ብቻውን 28 ፈረስ ይጠይቃል፤ ነፋሱና ሌላው ሲጨመር ወደ 47 ይደርሳል። ትንሹ ሞተር እዚህ ላይ እውነትም ጫፉ ይነካል። እንግዲህ ትልቁ ሞተር የሚሸጥልን ዕቃ ምን እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ዳገቱን በ60 ለመውጣት ትንሹ ይበቃል፤ ትልቁ በተለይ የሚጨምርልን ፍጥነትን ነው። ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል።

ከመለወጥ በፊት መመርመር

ጤነኛዋ ቪትዝ በ60 መውጣት የሚገባትን ዳገት፣ ማርሽ ዝቅ ተደርጎም ካልወጣች፣ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ስለታመመ ነው። የታመመ ደግሞ መጀመሪያ ይታከማል። የአየር ፊልትሮው ታፍኖ፣ ካንዴላው አርጅቶ፣ የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ወይም በማርሚታው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት እንደሆነ ካምቢዮው ይንሸራተት ይሆናል። ፍሬኑ ይዞ የቀረ ጎማም መኪናን ያደክማል፤ ጥቂት ተጉዞ በቆመች መኪና ላይ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ለብቻው ግሎ ከተገኘ ምልክቱ ይህ ነው።

የሞተሩን ዕድሜ ለማወቅ በየሲሊንደሩ ያለው የመጭመቅ ኃይል በመለኪያ ይፈተናል። እዚህ ላይ ለሐዋሳና ለከፍተኛ ቦታ ሁሉ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በፋብሪካ መጽሐፍ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት 18 በመቶ ያህል ስለሚያንስ፣ ጤነኛ ሞተርም በመለኪያው ላይ በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን ያላሰበ መካኒክ ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ይሻላል። ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑ ተስፋ አለ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከአንድ ባር በላይ ካነሰ ግን የፒስተን ፋሻ፣ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን መጠርጠር ነው።

የሞተሮቹ ዘመድና ባዕድ

ምርመራው አልቆ፣ ሞተሩ በእርግጥ የማይጠገን ሆኖ ወይም ባለቤቱ «እኔ የምሠራው ረጅም መንገድ ነው» ብሎ ቢቆርጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የትኛው ሞተር ይገጠም የሚለው ነው። ይህን ለመለየት የፋብሪካውን ፊደላት ማንበብ እንልመድ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ በሻንሲዋ ላይ «ኤስ.ሲ.ፒ. 10» የሚል ምልክት ካላት ሞተሯ 997 ሲሲ ነው፤ «ኤን.ሲ.ፒ. 10» ከሆነች 1,298 ሲሲ፤ «ኤን.ሲ.ፒ. 13» ከሆነች 1,496 ሲሲ። የመጀመሪያው ፊደል የሞተሩን ቤተሰብ ይነግራል። «ኤስ» የኤስ.ዜድ. ቤተሰብ ነው፤ «ኤን» ደግሞ የኤን.ዜድ.። በሁለተኛዋ ቪትዝ «ኬ.ኤስ.ፒ. 90» የሚለው ሦስት ሲሊንደር ያለውን የኬ.አር. ቤተሰብ ያመለክታል።

ይህን ማወቁ ለምን ይበጃል ቢባል፣ 1,298ቱና 1,496ቱ ሞተሮች ወንድማማች ስለሆኑ ነው። የሁለቱም ሲሊንደር 75 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ልዩነታቸው በአብዛኛው የፒስተኑ ጉዞ ነው፤ በአንዱ 73.5፣ በሌላው 84.7 ሚሊ ሜትር። አንዱ ከወጣበት ቦታ ሌላው ይገባል ለማለት ይቻላል። ጉልበቱም ከ88 ፈረስ ወደ 110 ገደማ ያድጋል። በሐዋሳ አየር ቢመነዘር ከ75 ወደ 93 መሆኑ ነው።

የአንድ ሺህ ሲሲዋ ግን ለኤን.ዜድ. ባዕድ ናት። የሞተሩ መቀመጫና ጎሚኒው፣ የካምቢዮው አያያዝ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ኮምፒዩተሩ ሁሉ ለሌላ ሞተር የተሠራ ነው። አይቻልም አንልም፤ ፋብሪካው ራሱ በዚያው አካል ላይ ትልቁን ሞተር ስለገጠመ ቦታው ይበቃል። ነገር ግን ሥራው ሞተር መለወጥ መሆኑ ይቀርና የመኪናይቱን ፊት በሙሉ መለወጥ ይሆናል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የፕሪየስ መኪና ሞተርም የዚሁ የ1,496 ሲሲ ዘመድ ነው፤ ሲያዩት ይመሳሰላል። ስሙ ግን በ«ኤፍ.ኢ.» ፈንታ በ«ኤፍ.ኤክስ.ኢ.» ያበቃል። ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ተጋግዞ እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ ለብቻው ጉልበቱ ያንሳል። በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛው ሰው ፊደሏን ሳያነብ ቀርቶ ቢጸጸት አይድንም።

አብረው የሚመጡ

ልምድ ያላቸው መካኒኮች አንድ ምክር አላቸው፤ ሞተሩን ብቻ አትግዙ ይላሉ። ካምቢዮውን፣ ኮምፒዩተሩን፣ ሽቦውን፣ ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚያደርሱትን ዘንጎች፣ ከተቻለም የራዲያተሩን ቬንትሌተር ሳይቀር ከአንዲት የተፈታች መኪና አንድ ላይ መውሰድ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም በሌላ የመለዋወጫ ገበያ ሞተሩ ከአንድ ሱቅ፣ ኮምፒዩተሩ ከሌላው፣ ሽቦው ከሦስተኛው ከተለቀመ፣ በርካሽ የተገዛው በኤሌክትሪሺያን ደመወዝ ይከፈላል። የተቆረጠ ሽቦ በፕላስተር ተጠቅልሎ የተገጠመ እንደሆነ ደግሞ ስሕተቱ የሚገለጠው በዝናብ ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። ኮምፒዩተሩ ከቁልፉ ጋር የተሳሰረ ሊሆን ስለሚችል ቁልፉም አብሮ ይጠየቅ።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ በተቻለ መጠን ሲሠራ ማየት ነው። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነውና ትቶ መሄድ ይሻላል። አንድ ጊዜ በጣም የጋለ ሞተር ቴስታታው ጎብጦ ሊሆን ይችላልና የዝገት ውሃ፣ የማሸጊያ ሙጫ ክምር ሲታይም እንዲሁ።

አሁን ወደ ፍሬን እንምጣ። ትልቁ ሞተር በተለይ የሚሸጠው ፍጥነት ነው ብለናል። የምትሮጥ መኪና የያዘችው ኃይል በፍጥነቷ ካሬ መጠን ያድጋል። በ80 ትሄድ የነበረችው በ100 ብትሄድ ፍጥነቷ በሩብ ጨመረ፤ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ኃይል ግን በ56 በመቶ ጨመረ። በልጆችና በፍየሎች መካከል በሚያልፈው የሲዳማ መንገድ ላይ ይህ ቁጥር ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ነገሩን የተረዱ መሐንዲሶች ቀድሞም አልዘነጉትም። የእንግሊዟ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 በ848 ሲሲና በ34 ፈረስ ወጣች። በ1961 ጆን ኩፐር ሞተሯን ወደ 997 ሲሲ አሳድጎ ጉልበቷን 55 ሲያደርስ፣ የፊት ጎማዎቿ ዲስክ ፍሬን አብሮ ተገጠመላቸው። ሞተሯ በ149 ሲሲ ብቻ ስላደገ ፍሬኗ ተለወጠ። ቶዮታም ባለ 1,496ቷን ቪትዝ ሲሠራ ፍሬኗንና ማንጠልጠያዋን አጠንክሮ ነው። ስለዚህ ከተፈታችው መኪና ላይ ፍሬኑም ይወሰድ። ለሞተር ገንዘብ ኖሮት ለፍሬን ያጠረው ሰው፣ ገንዘብ ያጠረው ለጠቅላላው ሥራ መሆኑን ይወቅ።

የወረቀቱ ጣጣ

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ወረቀቱን ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ሁለቱም ተጽፈዋል። ሞተሩ ሲለወጥ ቁጥሩም፣ ሲሲውም ይለወጣል። አዲሱ ሞተር በሊብሬው ላይ ካልሰፈረ በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ቦሎ ለማግኘት ያስቸግራል፤ መኪናይቱን ልሽጥ ሲባልም ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ ቁጥሩን ሲያይ ይሸሻል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ ስለ መድኑ ክርክር ይነሣል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ሆኖ የተደነገገው ለተጎዳው ሰው ሲባል ነውና፣ ውሉ አንድ መኪና እያለ መንገድ ላይ ያለችው ሌላ መሆኗ ለማንም አይበጅም።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አሮጌው ሞተር ሳይፈታ በፊት መኪናይቱ ወደተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት ሄዶ ምን ምን ማስረጃ እንደሚፈለግ መጠየቅ፤ የሞተሩን ምንጭ የሚያሳይ ሕጋዊ ደረሰኝና የጉምሩክ ወይም የቀድሞዋን መኪና ወረቀት የማይሰጥ ሻጭን መተው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አስመርምሮ ሊብሬውን ማስተካከል። ወረቀት የሌለው ሞተር ከሰው መኪና የተሰረቀ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል እንዳይሆን፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ ይለቅ።

ሒሳቡ

የመለዋወጫ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ብር ጠቅሰን አናታልላችሁም። የምንሰጠው የሒሳቡን መልክ ነው። አንድ ወረቀት በሦስት ይከፈል።

በመጀመሪያው ዓምድ የዕቃው ዋጋ ይጻፍ፦ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ኮምፒዩተርና ሽቦ፣ ዘንጎች፣ ጎሚኒዎች፣ ራዲያተር፣ ፍሬን፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም ለ275 ኪሎ ሜትር ያህል የጭነት ኪራይ። በሁለተኛው ዓምድ የእጅ ዋጋ፦ መካኒኩ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ በያጅ ካስፈለገ በያጁ፣ የምርመራና የሊብሬ ወጪ። በሦስተኛው ዓምድ የማይታየው ወጪ፦ መኪናይቱ ጋራዥ የምትቆይበት ቀን በቀን ገቢዋ ተባዝቶ፣ ነዳጁም በዓመት ተሰልቶ።

ለነዳጁ ምሳሌ እንስጥ። ትንሹ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር፣ ትልቁ 7 ሊትር ተኩል ይጠጣል እንበል። መኪናይቱ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ልዩነቱ 225 ሊትር ነው። ይህን በዕለቱ የማደያ ዋጋ ማባዛት የአንባቢ ፈንታ ነው። ከድምሩም ላይ ላልታሰበ ነገር ሩብ ይጨመር፤ አሮጌ መኪና ሲፈታ ያልታሰበ ነገር አይጠፋምና።

ይህ ሲያልቅ ከወረቀቱ ሥር ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ይጻፉ። አንደኛው፣ አሮጌውን ሞተር በደንብ ለማደስ የሚፈጀው ወጪ። ሁለተኛው፣ ያለችውን መኪና ሸጦ ባለ 1,298 ወይም ባለ 1,496 ሲሲ ሞተር የሆነችውን ለመግዛት የሚጨመረው ገንዘብ። ከሦስቱ የሚያንሰውን ዓይን ያያል።

እኛስ ምን እንላለን?

በእኛ አስተያየት የባለ 1,298ቷ ባለቤት ሞተሩ አርጅቶበት ያለዚያም መለወጡ ካልቀረ፣ ወንድሙን 1,496 ከነፍሬኑና ከነወረቀቱ ቢገጥም ያስኬዳል። የአንድ ሺህ ሲሲዋ ባለቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ያለውን ሞተር ማደስ ነው፤ ካልሆነም ሸጦ መለወጥ። በከተማ ውስጥ፣ በሻሸመኔና በወንዶ ገነት መንገድ ለሚሠራ ሰው ጤነኛ 59 ፈረስ ይበቃዋል፤ ሒሳቡን ከላይ አይተነዋል።

በቤታቸው እንዲህ ያለ ምክር የሚጠየቁ ጓደኞቻችን፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል ተብለው ሲጠየቁ «ትልቅ ይሻላል» ብለው እንዳይመልሱ አደራ እንላለን። መጀመሪያ ፊልትሮውን፣ ካንዴላውንና የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስፈትሹ፤ ወንድማቸው ዳገት ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ይጠይቁ፤ ከዚያ ባለ ሦስት ዓምዱን ወረቀት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ይሙሉ። የአንድ ዓመት እቁብ የሚያድነው ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።